የተራራ ውዝፍ

አዲሱ ገበያ ቢሮ ያለው ሰው «ተራራ ልወጣ ነው» ብሎ ቅጽ ሲሞላ ማየት ያስቃል። ጠዋት ከፒያሳ የተሳፈረበት ሚኒባስ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሽቅብ አምጥቶታል። ከታክሲ ወርዶ ቢሮ እስኪደርስ ሌላ ዳገት አለበት። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ላይ የተለጠፈው «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ከመቆየቱ የተነሣ ራሱ ጥገና ፈልጓል። መስኮቱን ከፈት ሲያደርግ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ፊቱ ላይ ይደቀናል። ይህ ሁሉ ግን ተራራ መውጣት አይባልም። ተራራ ተራራ የሚሆነው ኮሚቴ ሲቋቋምለት ነው።

እኛ ቢሮ ተቋቋመለት። ሐሳቡን ያመጣው ለአጭር ሥልጠና እንግሊዝ አገር ሰንብቶ የተመለሰ ባልደረባችን ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ለንደን» ሆኗል፤ ሥልጠናው የነበረው ግን ሌላ ከተማ ነው። እንግሊዞች፣ አለን ለንደን፣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲያሰባስቡ ተራራ ይወጣሉ። የስኮትላንዱን ቤን ኔቪስ፣ የእንግሊዙን ስካፌል ፓይክ፣ የዌልሱን ስኖውደን በ24 ሰዓት ውስጥ ወጥተው ይጨርሳሉ፤ ዘመድ ወዳጅ ደግሞ «ከወጣህ ይህን ያህል እሰጣለሁ» ብሎ ቃል ይገባላቸዋል። ታዲያ እኛስ እንጦጦን ወጥተን በሰፈሩ ላለው የአረጋውያን መርጃ ገንዘብ ብናሰባስብ? ተጨበጨበ።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሒሳብ ሹማችን ብቻ አላጨበጨቡም። «ቁመታቸው ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እንደ ቅደም ተከተሉ 1,345፣ 978 እና 1,085 ሜትር ተባሉ። ጋሼ ስብሰባም ቢሆን ሒሳብ ማሽናቸው ከእጃቸው አይለይም። ነካ ነካ አደረጉና «ቤን ኔቪስን መሬት አስቀምጠን ስኖውደንን ብንጭንበት 2,430 ይመጣል» አሉ። «አዲሱ ገበያ ከ2,500 ሜትር አያንስም። እዚህ በራችን ላይ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ከሁለቱም በላይ ተቀምጣ ነው ሚዛኗን የያዘችው። ለእሷ ማን ቃል ገባላት?»

«ጋሼ፣ ዋናው ከፍታው አይደለም፤ ቻሌንጁ ነው» አለ ለንደን። ቻሌንጅ ከተባለ ወዲያ የሚከራከር ሰው አልተገኘም።

ቅጹ ተዘጋጀ። በየመቶ ሜትሩ ስንት ብር እንደሚከፈል የሚሞላበት ረድፍ አለው፤ ግርጌው ላይ «የቃል ገቢው ፊርማ» ይላል። ችግር የመጣው ቅጹ ከቢሮ ሲወጣ ነው። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ደብረ ብርሃን ላሉት አክስቷ ደወለች፤ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ተራራ ልወጣ ነው።»

«ምነው ልጄ፣ ስለት አለብሽ?»

«የለብኝም። ለበጎ አድራጎት ነው። እኔ ስወጣ እርስዎ ብር ይሰጣሉ።»

«አንቺ ስትወጪ እኔ?»

«አዎ፣ በየመቶ ሜትሩ።»

ጥቂት ዝም አሉ። «የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

«አረጋውያን ናቸው። ጧሪ የሌላቸው።»

«ታዲያ እንዲህ አትይኝም? ዛሬውኑ በቴሌብር አስልክልሻለሁ። አንቺ ግን እዚያ ጫካ እንዳትሄጂ፤ ከቀረሽ እጥፍ አደርግልሻለሁ።»

ልጅቱ ቅጹን ይዛ ኮሚቴው ጋ ሄደች። ከመቅረት ለሚገኝ ገቢ የተዘጋጀ ረድፍ ስላልነበረ ጉዳዩ በእንጥልጥል ቀረ።

አክስቲቱ ላይ መፍረድ አይቻልም። እሳቸው የሚያውቁት ተራራና ምጽዋት የሚገናኙበት መንገድ ሌላ ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ለአቦ ንግሥ ወደ ዝቋላ የሚተመውን ሕዝብ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዝቋላ 2,989 ሜትር ነው፤ አንዳንዱ በባዶ እግሩ ይወጣዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ነዳያን ተቀምጠዋል። ወጪው ሳንቲሙን እየዘረዘረ፣ ሳንቲም ሲያልቅበት ከስንቁ እየቆነጠረ እየሰጠ ያዘግማል። ደጀ ሰላሙ ሲደርስ ጉልበቱም ኪሱም እኩል አልቀዋል። ድካሙም ወጪውም የአንድ ሰው ነው። እንግሊዞች ይህንን ለሁለት ከፈሉት፤ ድካሙን አንዱ፣ ወጪውን ሌላው። ጋሼ እንዳሉት፣ የሥራ ክፍፍል መሆኑ ነው።

ያም ሆኖ ገንዘብ ከሰው ኪስ እንዲሁ አይወጣም፤ ሰበብ ይፈልጋል። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርበው፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለአፍሪካ ረሃብተኛ 1 ማርክ አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። ረቱም፤ ከሦስት አንዱ አልሰጠም። የሰጡት ሰዎች ገንዘብ ብቻ ግን ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። ሰውዬው ተነሥተው እኛ አገር መጡ፣ በዚያው ዓመት «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፣ ኤረር ሸለቆ ላይም ሥራ ጀመሩ። ውርርድ ባሸነፈ ማግሥት ዕድሜ ልኩን የከፈለ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላውቅም። የእኛው «ገበታ ለሸገር»ም አለ፤ ግንቦት 2011 ላይ የአንድ እራት ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። የማውቀው ሰው አልተጋበዘምና ምን እንደቀረበ አልሰማሁም። በ2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት ሲጣል የወር ደመወዙን በየወሩ ከፋፍሎ ያስቆረጠው የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ተራራም አልወጣ፣ እራትም አልበላ። መፈረም ብቻ ነበር የተጠየቀው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከኅዳር 1994 ጀምሮ፣ ያኔ በ10,000 ሰው፣ ከተማውን ሲያስሮጥ ኖሯል። ከሯጩ መካከል ሩጫው ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እንደሚያሰባስብ የሚያውቀው ስንቱ እንደሆነ እንጃ። ቲሸርቱን ግን የማያውቅ የለም። መጀመሪያ ይሮጥበታል፣ ቀጥሎ ይተኛበታል፣ በመጨረሻ ወለል ይወለወልበታል።

እኛም ቢሮ ከአረጋውያኑ ይልቅ ብዙ ስብሰባ የበላው ቲሸርቱ ነበር። አረንጓዴው ችግኝ ተከላ አስመሰለን፤ ቢጫው የቢራ ማስታወቂያ። ቡኒ ሲባል የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ስብሰባ ረግጠው ሊወጡ ተነሡ። በመጨረሻ ነጭ ጸደቀ። ደረቱ ላይ ከመርጃው የአንድ አዛውንት ፎቶ ይሁን ተባለ፤ አዛውንቱም ፈቅደው፣ ክራባት ተውሰው ፎቶ ተነሡ። እንግዲህ ነጭ ቲሸርት፣ ደረቱ ላይ ክራባት ያሰሩ ሽማግሌ፣ ከሥራቸው «ሁሌም ከእርስዎ ጋር ነን» የሚል ጽሑፍ። እንዲህ ያለ ቲሸርት መቼ እንደሚለበስ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። ያተመልን ልጅ ሲያስረክበን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ዋጋ ቀነሰልን። ኮሚቴው ቅናሹን ተቀበለ እንጂ ምክንያቱን አላጣራም።

ቀጥሎ የተነሣው ውሎ አበል ነው። ቅዳሜ የሥራ ቀን አይደለም፤ ተራራውም ከቢሮ ውጭ ነው፤ ታዲያ መስክ ነው ወይስ ትርፍ ሰዓት? የሰው ሀብት ኃላፊዋ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠች። ለበጎ አድራጎት ተራራ ስለሚወጣ ሠራተኛ የሚናገር አንቀጽ አጣችበት። ጉዳዩ ተዘጋ ተባለ። እኛ ቢሮ ውስጥ የአበል ጉዳይ ሲዘጋ ግን አይቆለፍም።

የውዝፉን ነገር ያነሡት የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው። ቤታቸው ከድል በር በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ነው። ጠዋት ይወርዳሉ፣ ማታ ይወጣሉ፤ ሲወጡ ደግሞ እጃቸው ባዶ አይደለም፣ ዱቄቱም ሽንኩርቱም ከታች ነው የሚገዛው። ቅጹ እሳቸውም ዘንድ ደረሰ። መነጽር አልያዙምና ራቅ አድርገው አዩት፣ አስነበቡት፣ ከዚያ መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ጋሼ ዞሩ። «አንድ ቀን ለሚወጣ ሰው በመቶ ሜትር ይህን ያህል ከተከፈለ፣ የእኔ የአሥራ አራት ዓመት ውዝፍ ስንት ይመጣል?»

ጋሼ በቀልድ የተጠየቁትን ሒሳብ በቀልድ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ቅዳሜና እሑዱን ቀነሱ፣ በዓላቱን ቀነሱ፣ የዓመት ፈቃዱን ቀነሱ፣ ከፍታውን ገመቱ፣ አባዙ። ማሽኑን አየት አደረጉና «ቢሮው አይችለውም» አሉ። የጽዳት ሠራተኛችንም ከት ብለው ስቀው ከመቀነታቸው ጫፍ መቶ ብር ፈትተው ሰጡ። ተራራ የማይወጣ፣ ቃልም ያልገባ፣ ቅጽም ያልሞላ ሰው ገንዘብ የት እንደሚገባ ጋሼን ቸገራቸው። «ልዩ ልዩ ገቢ» ላይ አሰፈሩት።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀጥረን አንድ ተኩል ላይ ተሟላን። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ስንነሣ ሰፈሩ ቆሞ አሳለፈን። ሱቅ የሚከፍቱት ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደ ሱሉልታ የሚሄድ የአይሱዙ ሾፌር ሙዚቃውን አጥፍቶ በቀስታ አለፈን። አንዲት እናት «ነፍስ ይማር፤ ምን አገኛቸው?» አሉ፤ ለንደን «ደህና ናቸው፣ ለእሳቸው ነው የምንወጣው» ቢላቸው አማተቡ። ጋቢ የደረቡ አንድ ሰውዬማ ድል በር ድረስ አብረውን ተጓዙ። እዚያ ደርሰው ትንፋሽ ሲያጥራቸው «ቀብሩ የት ነው የሚፈጸመው?» ብለው ጠየቁ። ስንነግራቸው ተቆጡ እንጂ አልሳቁም። ግማሽ ቀናቸውን ለማያውቁት ሟች ሊሰጡ የወጡ ሰው ነበሩ፤ ሟች ሲጠፋ ከሰሩ።

ሥራ አስኪያጁ በመኪና ቀድመውን ጫካው መግቢያ ላይ ጠበቁን። ባነሩን እዚያው ዘርግተን «ጫፍ ደረስን» የሚለውን ፎቶ መጀመሪያ ተነሣን። በኋላ የሰው ቁጥር እንደሚቀንስ ኮሚቴው አስቀድሞ ተረድቶታል፤ አስተዋይ ኮሚቴ ነው።

ፎቶው እየተነሣ ሳለ ከላይ ሦስት እንጨት ተሸካሚዎች መጡ። ጀርባቸው ላይ የታሰረው ጭራሮና ቅጠል ከቁመታቸው ይረዝማል፤ ከወገብ ታጥፈው ስለሚራመዱ የሚታያቸው ከፊታቸው ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። የፊተኛዋ ገመዱ ደረቷን እንዳይቆርጣት ሁለት አውራ ጣቶቿን ከሥሩ ሰክታለች። ባነሩ መንገዱን ዘግቶት ነበርና ቆሙ። ለተሸከመ ሰው ደግሞ ከመሄድ ይልቅ መቆም ይከብዳል። አንገቷ የፈቀደላትን ያህል ቀና ስትል ዓይኗ ደረታችን ላይ ካለው ፎቶ ደረሰ። «ሬሳው ገና አልመጣም እንዴ?» አለች። ባነሩን እንደ ኬላ ገመድ በአንድ በኩል አነሣንላቸውና አጎንብሰው፣ ማለት ያው እንዳጎነበሱ፣ አለፉ። ለንደን ከውጭ ያመጣቸውን ሁለት ታጣፊ ዱላዎች ይዞ ወደ ጎን ቆሞ ነበር። ስንት ኪሎ እንደተሸከሙ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ኩርባውን ዞረዋል።

መንገድ ላይ አንዱ ባልደረባችን ታሪክ ያስተምረን ጀመር። ንግግሩ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ሰበብ ስለሆነን ሁላችንም በጽሞና ቆመን አዳመጥን። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደውት አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እንደተቆረቆረች፣ ዐፄ ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ እንደደፉ ነገረን። ነገሥታቱ ከዚህ የወረዱት ብርዱና የማገዶ እጦቱ ስላስመረራቸው ነው። ባሕር ዛፉም በምኒልክ ዘመን የገባው ለማገዶ ችግር መላ ተብሎ ነው። እኛ እንግዲህ እነሱ የሸሹትን ብርድ ጃኬት ገዝተን ልንፈልገው እንወጣለን። ማገዶው ደግሞ ዛሬም በሰው ጀርባ ወደ ከተማው ይወርዳል።

ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች ሽቅብ አለፉን፤ ቁልቁል አለፉን፤ ደግመው ሽቅብ ሲያልፉን «አይዟችሁ» አሉ። የእርምጃ መቁጠሪያ ያለው አንዱ ወዳጃችን ስልኩን ለሯጭ አስይዞ ሊልክ ሲል ጋሼ እጅ ከፍንጅ ያዙት። እሳቸው የመጡት ለቁጥጥር ነው፤ የዘወትር ቆዳ ጫማቸውን አድርገው፣ ሳይቀድሙ ሳይቀሩ ወጡ።

ላይ ስንደርስ ከተመዘገብነው ግማሻችን ነበርን። እዚያ ታላቁ ክርክር ተነሣ። እንጦጦ 3,200 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በየመቶ ሜትሩ ቃል የገባ ሰው 32 ጊዜ ይከፍላል የሚል ወገን መጣ። ጋሼ «3,200 ከባሕር ጠለል ነው» አሉ።

«አዎ፣ እንደሱ ነው የሚለካው።»

«አንተ ከየት ጀመርክ?»

«ከአዲሱ ገበያ።»

«እንግዲያው የሰባቱን መቶ ጠይቅ። የቀረውን ከጅቡቲ በእግርህ የመጣህ ቀን እከፍልሃለሁ።»

በወዲያኛው በኩል ሱሉልታ ወርደን ጥሬ ሥጋ ቤት ገባን። እዚያ እግሩን ያመመው አልነበረም። ተራራው ላይ ያልታዩ ባልደረቦችም ቀድመውን ቦታ ይዘው አገኘናቸው፤ ቲሸርታቸው ንጹሕ ነበር።

ሪፖርቱን ሲያዘጋጁ ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቲሸርት፣ ባነር፣ የመኪና ኪራይ፣ «መስተንግዶ» ተብሎ የተጻፈው ሥጋ ተቀናንሶ የተረፈው፣ ተረፈ ከተባለ፣ አንገት የሚያስደፋ ነበር። ከአንድ ሰው ከተገኘው ሁሉ ትልቁ የደብረ ብርሃኗ አክስት ገንዘብ ነው። ስልኩ በተደወለ ዕለት ማታ ገብቷል፤ ያኔ ማንም ገና አንድ ሜትር አልወጣም።

ገንዘቡን ለማስረከብ ቲሸርታችንን ለብሰን ሄድን። የፎቶው ባለቤት አዛውንት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አንዳችንን አዩ፣ ቀጥሎ ያለውን አዩ፣ ሁላችንንም በተራ ተመለከቱ። «መቼ ነው የሞትኩት?» አሉ። ኧረ ይኑሩልን፣ ዕድሜ ይስጥልን ብለን ተረባረብን። እሳቸው ግን አልከፋቸውም። ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱና «ጥሩ ነው። የተረፈ ካለ አስቀምጡልኝ፤ ለቀኑ ወጪ ይቀንሳል» አሉ።

የመርጃው አስተዳዳሪ አመስግነውን፣ ሻይ ካቀረቡልን በኋላ አንድ ነገር ጠየቁን። ውኃ ሲጠፋ ከታች ካለው ቦኖ በጀሪካን ነው የሚያመጡት። ሠራተኞቹ ጥቂት ናቸው፣ አቀበቱ ከብዷቸዋል። «እናንተ አቀበት እንደምትወዱ ሰማሁና ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ ብትመጡልን ብዬ ነው።»

«ከፍታው ስንት ሜትር ነው?» አለ ለንደን።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? ከቦኖው እስከ በራችን ነው።»

ስልኩን ይዞ ወረደ፣ ለክቶ ወጣ። ሠላሳ ሜትር አልሞላም። በመቶ ሜትር ለሚቆጥር ቅጽ ይህ ዜሮ ነው።

ከዚያ በኋላ የተያዘው ቃለ ጉባኤ እጄ ላይ አለ። ተራ ቁጥር 3፦ የጀሪካኑ ጉዳይ ለንብረት አስተዳደር ክፍል ይመራ። ተራ ቁጥር 4፦ የሚቀጥለው ዓመት ቻሌንጅ ራስ ዳሸን ይሁን። በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን የሸመደድነው ተራራ በአዲሱ ልኬት 4,550 መሆኑ ሲነገር ጋሼ «ሰባ ሜትሩን ያጎደለው ማነው?» ብለው መጠየቃቸው ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም። ተራ ቁጥር 5፦ ለቅድመ ጥናት ሦስት ሰው ወደ ደባርቅ ይላክ፤ ውሎ አበላቸው ከልዩ ልዩ ገቢ ይታሰብ።